ያቆያል፣ ይጠብቃል

የሩቁን በሚያቀርብ፣ ያቀረበውንም በማይሰለች በአንድ አምላክ ስም፤

ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽ፣ ቤትሽ፣ የምትኖሪበት ቦታ አየሩ ተስማምቶሻል ወይ? ልጅ ወልደሽ እንደ ሆነ እንኳ አላውቅምና፣ ካለ እርሱም ደኅና ነው ወይ? ስምንት ዓመት ያልተጠየቀ ሰላምታ በአንድ መሥመር እንደማያልቅ ይገባኛል። እኔ በአምላክ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፤ ዐይኔ ግን እስከ ዛሬ ታማኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ጀምረሽው ከሆነ ተቀመጪ። ነገሩን ከሩቅ እጀምራለሁ፤ ልማዴን ታውቂዋለሽ። እናትሽ «እርስዎ ጨው አቀብዪኝ ለማለት ከሥነ ፍጥረት ይጀምራሉ» ትለኝ ነበር። አሁንም ጨዉ ዘንድ እስክደርስ ታገሺኝ። የምጽፍልሽ ስለ አንድ ሣጥን ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር አብሮ እንዳይጠፋ የሚያደርግ፣ ባትሪ በሆዱ የያዘ ሣጥን ነው፤ ዩፒኤስ ይሉታል።

የተለያየንበትን ቀን አንቺም እኔም አንረሳውም። ያጋባሁሽ ለደቀ መዝሙሬ ነበር፤ እጃችሁን ያያያዝሁትም የመረቅሁትም እኔ ነበርሁ። በሁለተኛው ዓመት መጥተሽ፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል እጅጌሽን ሰብስበሽ ክንድሽን አሳየሽኝ። አንቺ ቁስል ስታሳዪኝ እኔ ቃል ጠቀስሁልሽ። ወደ ባልሽ እስክትመለሺ ድረስ በዚህ ቤት ስምሽ እንዳይጠራ፣ እናትሽም በአንደበቷ እንዳታነጋግርሽ ገዘትሁ። የመምህር ልጅ ነሽና ግዝት ምን እንደ ሆነ አልተረጕምልሽም። ከአፍ ሲወጣ ትንፋሽ ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን ያወጣውን ሰው ሳይቀር ያስራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት ይህን የቀመሱ ሰዎች መሆን አለባቸው።

እናትሽ ግዝቴን ስምንት ዓመት አክብራ ኖረች። ባለፈው ዓመት በጉሮሮዋ ዕጢ ወጣ። ሐኪሞች ዕጢውን ሲያወጡ ድምፅዋን አብረው አወጡት፤ ከአንገቷ ሥርም መተንፈሻ ቀዳዳ ተዉላት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እስክርቢቶ አልታዘዝ አላት። በሆስፒታሉ አንዲት ነርስ በኪቦርድ መጻፍ አስተማረቻት። ከመኝታ ክፍልሽ የተማሪነትሽን ኮምፒውተር ከነልባሱ አወጣንና በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። በዚህ ዓመት መግቢያ ላይ ዕጢው ተመለሰ። ሐኪሙ በወር መቁጠር ትቶ በሳምንት መቁጠር ጀመረ።

ያን ሰሞን አንድ ጧት እጄን ይዛ ወደ ስክሪኑ ወሰደችኝ። እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦

«እንዳላነጋግራት የገዘቱት አንደበቴን ነው። እርሱን ሐኪሞች ወስደውታል። ጣቶቼን አልገዘቱም።»

ልጄ፣ አርባ ዓመት ትርጓሜ ሳስተምር ከግድግዳው ወዲያ ሆና ትሰማኝ እንደ ነበር ያን ጧት ዐወቅሁ። ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ ስንኳ እንደዚያ ረትቶኝ አያውቅም። ሣቅሁ። እርሷም ሣቀች፤ ሣቋ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ለአንቺ መጻፍ የጀመረችው በዚያው ቀን ነው።

በሰፈራችን ግን መብራት እንደ ሰካራም እንግዳ ነው፤ ሳይሰናበት ይሄዳል፣ በር ሰብሮ ይመጣል። ከቀትር በኋላ ድንገት ሄደና የጻፈችው ግማሽ ገጽ አብሮ ሄደ። ማሽኑ አሮጌ ስለ ሆነ «አስቀምጥ» ካላሉት በራሱ አያስቀምጥም። አስቀምጥ ሲሉት ደግሞ ስም ስጡኝ ይላል፤ ስም እስኪሰጡት ድረስ በራስጌው ላይ «ያልተሰየመ» የሚል ጽሕፈት አለ። እናትሽ ልትሰጠው የፈለገችው ስም አንድ ብቻ ነበር። ስሙ ግን በዚህ ቤት እንዳይጠራ የተገዘተ ነበር። ስለ አንደበቷ መውጫ መንገድ አገኘች፤ ስለ ስምሽ ግን መውጫ አልተውሁላትም ነበር። መብራቱ ሲመለስ አዲስ ገጽ ከፈተችና «ስሟን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ ከዚያ በኋላ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ።

የአንቺ ስም ስንት ፊደል ነው? ያን ያህል ፊደል መምታት ነበር የቀረልኝ። እኔ ግን ግዝት በሥርዓት ነው የሚፈታው አልኋት። ጾም አለው፣ ጸሎት አለው፣ ነገ እንጀምረዋለን፤ እስከዚያው ማሽኑን የሚያድን ነገር ገዝቼ ልምጣ አልሁና ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ነገ ከእኔ አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቂያለሽ።

ከገበያው ጀርባ ኮምፒውተር የምትጠግን አንዲት ሴት አለች። ዕድሜዋ ያንቺ ያህል ይሆናል፤ ምላስዋም ያንቺ ያህል ነው። ሱቅዋ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ነው፤ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ጉዳዬን ስነግራት ሦስት ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ነበር፤ ይኼ ሶኬት ያበዛል እንጂ ማንንም አያድንም፣ ሰው ግን ረክሶ ሲያገኘው ጠባቂ የገዛ ይመስለዋል አለች። ሁለተኛው መልኩ ያንኑ የሚመስል፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ መብራት ያለው ነበር። ኀይል በድንገት በርትቶ ሲመጣ እርሱ በራሱ ላይ ተቀብሎ ከኋላው ያለውን ያተርፋል። ብዙ ጊዜ ከተቀበለ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል፤ ሶኬቱ መሥራቱን አይተውም፣ አረንጓዴዋ ብቻ ትጠፋለች፣ ሰውም ጠባቂ አለኝ ሲል በባዶ ይኖራል። ይህን ስትነግረኝ ስንቱን ባልንጀራዬን አስታወሰኝ፤ ራሴን ግን አላስታወሰኝም።

ሦስተኛው ዩፒኤስ ነበር። ከባድ ነው፤ እንደ ድንጋይ ነው። ስንት ደቂቃ እንዲያቆይልዎ ይፈልጋሉ አለችኝ። እስክትጨርስ አልኋት። ሣቀችና ይህ ዕቃ የመዝጊያ ጊዜ እንጂ የመጻፊያ ጊዜ እንደማይሰጥ አስረዳችኝ፤ ማሽኑንና ስክሪኑን ብቻ ከሰኩበት ግማሽ ሰዓት ይዘልቃል፣ ካውያ ከሰኩበት ግን በአፍታ ያልቃል። የሁለተኛውም ሥራ በውስጡ አለ፤ መብራት ሲሄድ ይይዛል፣ በርትቶ ሲመጣ ይከላከላል። እርሱን መረጥሁ። ስታስረክበኝ እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ፣ ባትሪ ሁሉም ሰው ይገዛል። ሴቭ የሚያደርግ ነው የጠፋው። እባክዎ ሴቭ ያድርጉት፤ ከዚህ ሣጥን እርሱ ይበልጣል።»

ስም መስጠት አስቸግሮን ነው አልኋት፤ ምክንያቱን ግን ዋጥሁት። እርሷም ማሽን ስለ ስም ግድ የለውም፣ «ሀ» ይበሉትና ይገላገሉ አለችኝ። ቤት ገብቼ ምክሯን ለእናትሽ ነገርኋት። እናትሽ በዝግታ፣ ፊደል ፊደሉን እየለቀመች፣ «ልጄ ሀ አይደለችም» ብላ ጻፈች።

አሁን ወደ ስሕተቴ ደረስሁ። በሣጥኑ ጀርባ ሁለት ረድፍ ሶኬት አለ። አንዱ ረድፍ ከባትሪው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሌላው ከኀይል መብዛት ብቻ የሚከላከል ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጠጋኟ ይህን ነግራኝ ነበር፤ የቱ የቱ እንደ ሆነ ግን መንገድ ላይ ጠፋብኝ። እንዳልቸገር በነጭ ፕላስተር ላይ በእጇ ጽፋ ስለ ለጠፈችልኝ አልተጨነቅሁም። በላይኛው ረድፍ «ያቆያል»፣ በታችኛው «ይጠብቃል» ይላል።

እንግዲህ መምህር የሆነ ሰው ቃል ሁለት ፊት ሲያሳየው ዝም ብሎ አያልፍም። መነጽር ባያስፈልገኝም ጐንበስ ብዬ አነበብሁት። «ያቆያል» ሲል አንድም ያኖራል፣ አንድም ያዘገያል ማለት ነው። የሚያዘገይ ነገር ለእናትሽ ምን ይጠቅማታል? ከእኔ ሌላ የሚያዘገያት አያስፈልጋትም። «ይጠብቃል» ግን፣ ላልቶ ቢነበብ ይጠነክራል፤ ጠብቆ ቢነበብ አንድም ከክፉ ይሰውራል፣ አንድም የሄደው እስኪመለስ ድረስ በቦታው ይቆማል። መብራት የሚሄድ ነው፤ እስኪመለስ በቦታው የሚቆመው ይኸው ነው አልሁ። ሦስቱም ፍቺ ወደ በጎ አደላልኝ። ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን «ይጠብቃል» በሚለው ሰካሁ፤ «ያቆያል» በሚለው የጠረጴዛዋን መብራት ሰካሁ።

ጠጋኟ ከሰኩ በኋላ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከግድግዳው ነቅለው ይሞክሩት፣ ንዋየ ቅድሳት አይደለም አይፍሩት ብላኝ ነበር። እኔ ግን አሮጌውን ማሽን ማስደንገጥ ፈርቼ፣ ገና ሳልከፍተው ነቀልሁ። የጠረጴዛው መብራት አልጠፋም። ሣጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ፤ መብራቱም እንደ በራ ቆመ። እናትሽ አጨበጨበች። እኔም አምላኬን አመሰገንሁ፤ በተሳሳተ ነገር ላይ እንኳ ምስጋና እንደሚቀበል ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ በኋላ እናትሽ ጽሑፏን ከመጀመሪያው ጀመረች። አራት ቀን ጻፈች። ማሽኑን አላጠፋችውም፤ ሲደክማት በወንበሩ ላይ ታሸልባለች፣ ስትነቃ ትቀጥላለች። በእነዚያ አራት ቀናት መብራት አንድ ጊዜ እንኳ አልሄደም። ያ ትዕግሥት የማን እንደ ነበር ዐውቃለሁ። በየቀኑ ጣቷን በራስጌው ላይ፣ «ያልተሰየመ» በሚለው ላይ እያሳረፈች ቀና ብላ ታየኛለች። በየቀኑም ነገ እላታለሁ፤ ባትሪ አለን፣ ምን ያስቸኩለናል እላታለሁ። ሣጥኑን የገዛሁት ጽሑፏን ለማዳን ነበር፤ ገዝቼ ካመጣሁት በኋላ ግን መደበቂያዬ አደረግሁት።

በአምስተኛው ቀን ጧት ተነሥታ ሁለት ሰዓት ያህል ጻፈች። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ጸሎቴን እደግም ነበር። የማቀዝቀዣው ድምፅ ቆመ። ሣጥኑ ጢጥ ሲል ሰማሁና ደስ ብሎኝ ገባሁ። የጠረጴዛው መብራት በርቷል። ብርሃኑ በእጆቿ ላይ አርፏል፤ እጆቿ በፊደሎቹ ላይ ናቸው። ስክሪኑ ጥቁር ነበር።

ማሽኑንም ሣጥኑንም ተሸክሜ ወደ ጠጋኟ ሄድሁ። ጀርባውን አየችና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ያቆያል ያልሁት እኮ ባትሪውን ነው አለች፤ ደግማ ደጋግማ ይህንኑ አለች፤ ጥፋቱ የእርሷ የእጅ ጽሕፈት እንደ ሆነ ቆጥራው ልታለቅስ ደረሰች። የማሽኑን ሆድ ከፍታ እስከ ማታ ፈለገች። በመጨረሻም ስም ያላገኘ ነገር የሚፈለግበት አድራሻ የለውም አለችኝ። ጽሕፈትሽ ደኅና ነበር፣ የተሳሳተው ትርጓሜው ነው ብያት ወጣሁ።

ልጄ፣ ሶኬቱ ስሕተቴ ነው፤ ኀጢአቴ ግን እርሱ አይደለም። ኀጢአቴን አሁን ልንገርሽ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ እናትሽ በወንበሯ ላይ ተኝታ ሳለች፣ ከኋላዋ ቆሜ የጻፈችልሽን ሁሉ አንብቤዋለሁ። በአራተኛው ቀን እጇ ደክሞ ከአንድ መሥመር በላይ አልጨመረችም፤ እርሷንም አይቻታለሁ። በጨዋ ደንብ የሌላ ሰው ደብዳቤ አይነበብም፤ እኔ ግን አነበብሁ። የእኔን ትምህርት ታውቂዋለሽ፤ ብራና ሳይኖረን በቃል የተማርን ነን። አንድ ጊዜ በዐይኔ ያለፈ ነገር አይጠፋኝም። መብራቱ በሄደባት ጧት፣ ከዚያች ከመጨረሻዋ የሁለት ሰዓት ጽሑፍ በቀር፣ ደብዳቤሽ በሙሉ በእኔ ውስጥ ነበር።

እናትሽ ይህን ጠርጥራለች። በጥቁሩ ስክሪን ፊት እንዳለች ወደ እኔ ዞረች። ስክሪኑን አመለከተች፤ ዐይኔን አመለከተች፤ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። አንብበውታል ወይ ማለቷ ነበር። በፊቷ ላይ ቍጣ አልነበረም። ተስፋ ነበረ። የእኔን ክፉ ልማድ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ማየቴን፣ በዚያች ሰዓት አምላክ ለበጎ እንዳዋለው ተስፋ አድርጋ ነበር።

ራሴን ነቀነቅሁ። አላነበብሁም አልኋት።

ለምን አልሽኝ? በጽሑፉ ውስጥ ስለ እኔ ሁለት መሥመር አለ። አንብቤዋለሁ ካልሁ ያን ሁለት መሥመር እንዳነበብሁ ታውቃለች፤ ፊቷን ማየት አልቻልሁም። በዚህች ምክንያት፣ ልጄ። ሌላ የለኝም።

ዳግመኛ አልጻፈችም። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛች። በእነዚያ ዐሥራ አንድ ቀናት ውስጥ በማናቸውም ሰዓት፣ አይዞሽ፣ በእኔ ዘንድ አለ ልላት እችል ነበር። በዘጠነኛው ቀን በአልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጕሮሮዬን ጠራረግሁ፤ እርሷም ዐይኗን ከፈተች። ውኃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

እናትሽ ዐርፋለች። ዛሬ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆናት። ጽሑፏ እንደ ጠፋ ዐውቃ ዐረፈች። ለቀብሯ አልጠራሁሽም፤ አድራሻሽ በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ተጣጥፎ እንደ ነበር ግን ከቀብሯ በፊት አይቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። በዕድሜ ከአንቺ የሚያንስ ወጣት ቄስ ነው፤ «ለእግዚአብሔር ነግረውታል፤ አሁን ለባለ ጉዳይዋ ይንገሯት» አለኝ። ግዝቱን ፈትቻለሁ። ጾምም ሱባኤም አላስፈለገውም፤ አንድ ቃል ነበር። በፖስታው ላይ የጻፍሁት ስምሽ በእጄ የተጻፈ ነው።

እናትሽ የጻፈችልሽ ይህ ነው። ቃሏን አልለወጥሁም፤ እኔን የሚነካውንም አላለዘብሁም።

«ልጄ፣ የኔ እናት፤ ጣቴ ዘገምተኛ ስለ ሆነ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ አባትሽ ይሙሉልሽ፣ እርሳቸው ሰላምታ አያልቅባቸውም። ሐሙስ ሐሙስ ስትደውዪ፣ እርሳቸው ለማስተማር ሲወጡ፣ ስልኩን የማነሣው እኔ እንደ ነበርሁ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያ ቀን ማነው ስትዪ አፌን በመዳፌ ያዝሁት። መናገር አልችል፣ መዝጋት አልችል። አንቺ ብልጥ ነሽ፣ እማዬ ከሆንሽ ሳዪ አልሽ። ሳል ንግግር ነው አይደለም ብዬ ትንሽ አሰብሁ። አይደለም አልሁና ሳልሁልሽ። አንድ ሳል ደኅና፣ ሁለት ሳል ክፉ ቀን ያልሽው አንቺ ነሽ። በስምንት ዓመት ሁለቴ የሳልሁት አንድ ቀን ነው፤ እርሱም አቧራ ገብቶብኝ ነበር፤ አንቺ ሳምንቱን ስታለቅሺ ሰነበትሽ። ሐኪሙ ሳሉ መቼ ጀመረሽ ሲለኝ ሣቅሁበት። ምን ልበለው? አሁን ሳሌ በአንገቴ ነው የሚወጣው። አንቺ ጕንፋን መስሎሽ ትኩስ ነገር ጠጪ አልሽኝ። ጠጥቻለሁ። ጕንፋን አይደለም ልጄ፤ ድምፄን አውጥተውታል። ብትመጪም አላወራሽም፤ ግን አይሻለሁ።

አባትሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ቃላቸውን ያከብራሉ። ከሰው አስበልጠው ቃላቸውን ያከብራሉ። አንድ ቀን ስምሽን ሲጠሩ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ኖርሁ፤ በእንቅልፋቸው እንኳ አይሳሳቱም።

ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ልነግርሽ የፈለግሁት ሌላ ነው። ክንድሽን ለአባትሽ ያሳየሽ ቀን በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አይቼዋለሁ። ገብቼ ልጄ እውነቷን ነው ማለት ነበረብኝ። ያን ሰዓት ገና አልተገዘትሁም። ድምፅም ነበረኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ።»

በአራተኛው ቀን የቆመችው እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛው ጧት ሁለት ሰዓት የጻፈችው ያንኑ ጥያቄዋን ይሆናል። እርሱን አላየሁትም። ይህ እውነት ነው፤ እንድታምኚኝ የሚያስገድድሽ አንድም ነገር የለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የሚከብደኝ እርሱ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ እንደምትደውዪ ካነበብሁ ጀምሮ ዐውቃለሁ። በመጨረሻው ሐሙሷ፣ ለማስተማር ሳልወጣ ቀርቼ፣ ግድግዳ ይዛ ወደ ስልኩ ስትሄድ አይቼ፣ ያላየሁ መስዬ መጽሐፌን ገልጬአለሁ። ካረፈች በኋላ አራት ሐሙስ ሆን ብዬ ከቤት ወጥቻለሁ፤ ስልኩ በባዶ ቤት ጮኾ ጮኾ ይቆም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ቀረሁ። ጮኸ። አነሣሁት። ድምፅሽ ወፍሯል፤ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኗል።

«እማዬ፣ ምነው ወር ሙሉ ጠፋሽ? እባክሽ አንድ ጊዜ ሳዪልኝ» አልሽ።

ዕድሜዬን በሙሉ ቃል ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የሚነገረው ቃል በአፌ ውስጥ ነበር። ሳልሁ።

ተመስገን አልሽ። ቀጥለሽም የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧሽን ነገርሽኝ፤ በሥራ ቦታ ከጎንሽ ስለምትቀመጠው አሽሟጣጭ ሴትዮ ነገርሽኝ፤ ሴትዮዋ «አመልሽን ከአባትሽ ሳትወርሺው አልቀረሽም» ብላሽ እንደ ሣቅሽ ነገርሽኝ፤ ማን መሆኔን ግን አታውቂም ነበር። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ሰማሁሽ። በመጨረሻ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ አባዬስ ደኅና ነው ወይ፣ ደኅና ከሆነ አንድ ጊዜ ሳዪ አልሽ።

በየሐሙሱ ትጠይቂው ኖረሻል ወይስ ያን ቀን ብቻ ነው? እናትሽ ይህን አልጻፈችውም። ስለ ራሴ መሳል አልቻልሁም። አንድ ጊዜም፣ ሁለት ጊዜም አልሳልሁም። ዝም አልሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ገባኝ» ብለሽ፣ ትንፋሽሽ እየተቆራረጠ ስልኩን ዘጋሽው።

የገባሽ ምን እንደ ሆነ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ዐውቃለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ስታለቅሺ ሰንብተሽ ከሆነ፣ ያለቀስሽው ለእኔ ነው። ልጄ፣ እንባሽን ከእኔ ላይ አንሥተሽ ለባለቤቷ ለእናትሽ ስጪ። እኔ በሕይወት አለሁ።

የምትተኚበትን ጣሪያ አምላክ አያናውጥብሽ፤ በበርሽ የሚገባው ሁሉ በቸር የሚገባ ይሁን። በቤትሽ ያለው ሰው እንዲያምንሽ፣ ክንድሽ ዳግመኛ እንዳይጠቍር፣ ብትወልጂም የምትወልጂው ልጅ ስምሽን ሲጠራ እንዲውል እመርቅሻለሁ። ምርቃቴ የሚደርስ ቢሆን፤ የማይደርስም ቢሆን የእናትሽ ይድረስልሽ።

አባትሽ